በገንዳውና በበረዶው መካከል

ኢንከሪ ሳሎ ያን ሐሙስ አመሻሽ ወደ ክለባችን ፎቅ ስትወጣ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። በሩ አጠገብ ቆሜ ኮቷን ልቀበላት እጄን ብዘረጋ አላየችኝም። በሁለት እጇ የአዲሱን ስፖርት ማዕከል ሞዴል ታቅፋለች፤ ከካርቶንና ከቀጭን መስታወት የተሠራ፣ ከአሻንጉሊት ቤት ብዙም የማይበልጥ ነገር። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና ከጎኑ ቆመች። አዳራሹ ጢም ብሏል። የምዕራብ ሰዎች በቀኝ፣ የምሥራቅ ሰዎች በግራ ተቀምጠናል። እንዲህ ተቀመጡ ያለን የለም፤ ሁልጊዜም እንዲሁ ነን።

እሷና እኔ ከልጅነታችን ጀምሮ በአንድ ቡድን ከርሊንግ የሚባለውን የበረዶ ላይ ጨዋታ ተጫውተናል። ከምነግራችሁ ውስጥ ግማሹን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ግማሹን ደግሞ እሷው ራሷ አንዴ እየሳቀች አንዴ እያለቀሰች አጫውታኛለች። ወሬ አፌ ውስጥ እንደማያድር እያወቀች ነው የነገረችኝ፤ ስለዚህ አትፍረዱብኝ።

ፖርት ኤልዳ ወንዝ ለሁለት የከፈላት የሐይቅ ዳር ከተማ ናት። በአያቶቻችን ዘመን ሁለት ከተሞች ነበሩ፤ በኋላ በወረቀት አንድ ሆኑ፣ ልባቸው ግን እስከ ዛሬ አልሰማም። እኛ የምዕራቦቹ አያቶቻችን ከፊንላንድ የመጡ ናቸው፤ የምንወደው በረዶ ነው። ከባድ ድንጋይ በበረዶ ላይ እያንሸራተትን፣ ከፊቱ በመጥረጊያ እየጠረግን ክረምቱን እንገፋዋለን። የምሥራቆቹ አያቶች ደግሞ ከጣልያን ነው የመጡት፤ የነሱ ፍቅር ውሃ ነው። እኛ እነሱን «ተንሳፋፊዎች» እንላቸዋለን፣ እነሱም እኛን «ጠራጊዎች» ይሉናል። በዚህ ስንሳሳቅም ስንጣላም ዕድሜያችን አለቀ።

የእነሱ መዋኛ ጣሪያው ዝጎ ከተዘጋ ቆይቷል፤ ልጆቻቸው ለመዋኘት በአውቶቡስ ሌላ ከተማ ይሄዳሉ። የእኛም የበረዶ ማሽን ዛሬ ቢሠራ ነገ ይታመማል። ከተማው ታዲያ ሁላችንንም በአንድ ጣሪያ ሥር ሊከተን ወሰነ። ባለ አምሳ ሜትር ገንዳ፣ የቅርጫት ኳስና የመረብ ኳስ ሜዳ፣ ከላይ ዙሪያውን የሩጫ መስመር፣ ከጎን ደግሞ የእኛ በረዶ። ንድፉን እንድትሠራ የተመረጠችው ኢንከሪ ናት፤ የክለባችን ሊቀ መንበር የአቶ ቶይቮ ሳሎ አንድያ ልጅ። የአየሩንና የሙቀቱን ሥራ የያዘው ደግሞ መሐንዲሱ ሬሞ ታርዲቮ ነው፤ የምሥራቅ ልጅ፣ በዚያው በተዘጋው ገንዳ ውስጥ ያደገ።

ፍቅራቸው የተጀመረው በጭቅጭቅ ነው። ኢንከሪ በገንዳውና በበረዶው መካከል ግንብ ሳይሆን ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት እንዲቆም ፈለገች። ዋናተኛው ቀና ሲል ጠራጊውን እንዲያይ፣ ጠራጊው ጎንበስ ብሎ ሲነሳ ዋናተኛውን እንዲያይ። ሬሞ ንድፉን ዘርግቶ አየና ራሱን ነቀነቀ። የገንዳ አየር ሞቃትና እርጥብ ነው፣ የበረዶ ቤት አየር ቀዝቃዛና ደረቅ፤ ሁለቱ በአንድ በር ከተገናኙ በረዶው ላይ አመዳይ ይበቅልና ድንጋዩ አይሄድም አላት።

«አንቺ ለማጋባት የተነሣሽው እኮ የማይጋቡትን ነው» አላት።

«አንተ አየሩን ያዝልኝ እንጂ ሰዉን እኔ አጋባዋለሁ» አለችው።

ሳቀ። ከዚያ ተቀምጠው መሥራት ጀመሩ። መስታወቱ ድርብ ሆነ። መተላለፊያው ላይ ሁለት በር ገባ፤ በመካከላቸው ትንሽ ክፍል፣ አንዱ በር ሳይዘጋ ሌላው የማይከፈት። አንድ ቀን ደግሞ ሬሞ በረዶውን ለማቀዝቀዝ ከሥሩ የሚወጣውን ሙቀት ወስዶ ገንዳውን እንደሚያሞቅበት በእርሳስ እየሣለ ሲያስረዳት፣ እሷ ወረቀቱን ትታ ከንፈሩን ስታይ ራሷን አገኘችው። እሱም ማስረዳቱን አቆመ። የቢሮው ሰው ሁሉ ምሳ ወጥቶ ነበርና የሆነውን እኔ ልንገራችሁ አልችልም፤ እሷም እዚህ ላይ ስትደርስ ወሬ ትቀይራለች።

ኢንከሪ ሐይቅ ዳር ተወልዳ ፊቷን ውሃ ውስጥ ከትታ አታውቅም። ትፈራለች። ሬሞ በአንድ ሆቴል ገንዳ ውስጥ መዳፉን ከጀርባዋ ሥር አድርጎ አንጋለላትና ጣሪያውን እንድታይ ነገራት። መቼ እጁን እንዳነሣ አላወቀችም። ስታውቅ ብቻዋን ተንሳፍፋ ነበር፤ እሱ አጠገቧ ቆሞ በዝምታ ያያታል። እንደዚያ ቀን አምኜ አላውቅም ትለኛለች፣ እስከ ዛሬ።

እሷ ደግሞ በተራዋ ወደ በረዶ አመጣችው። መውደቅ እንደሱ የሚያምርበት ሰው አላየሁም። አንድ ቀን ቆሞ ሲያየን፣ እየጠረግሁ ሳለ የመጥረጊያዬ ጫፍ የሚሄደውን ድንጋይ ነካ፤ እጄን አንሥቼ «ነካሁት» አልኩ፣ የተነካ ድንጋይ አይቆጠርምና ከሜዳው ተነሣ፣ ጨዋታውንም ተሸነፍን። ሬሞ ግራ ገባው። ማን አይቷት ነው ብሎ ጠየቀ። ማንም፣ አለችው ኢንከሪ። ዳኛ የለም ወይ አለ። እኛ ዘንድ የነካ ሰው ራሱ ነው የሚናገረው አለችው። ቢታይስ፣ ሌላው አይቶት እሱ ዝም ቢልስ? አለ ሬሞ።

«ይጠበቃል» አለችው። «ቀድመህ ነካህ ብትለው አዋረድከው ማለት ነው። ራሱ እንዲናገር ጊዜ ትሰጠዋለህ።»

ሬሞ ይህን ሲሰማ የሳቀ መስሎኝ ነበር። ኋላ ስናየው ለካ ቃል በቃል ነበር የያዘው።

ለአባትየው የመንገሩ ነገር አስቸጋሪ ነበር። አቶ ቶይቮ ለምሥራቅ ሰው ሰላምታ ይሰጣሉ፤ ከሰላምታ በላይ ግን ምንም አይሰጡም። «ንድፉ ይጽደቅና እነግረዋለሁ» ትላለች ኢንከሪ። ሬሞም እሺ ይላል። እንዲህ እየተባባሉ በድብቅ መኪና ውስጥ እየተያዩ፣ በየቀኑ ማታ ማታ ደብዳቤ እየተጻጻፉ ክረምቱ ገባ። በስልክ መልእክት ዘመን ደብዳቤ የሚጻጻፍ ሰው ያለው እኛ ከተማ ብቻ ይመስለኛል።

ንድፉ ለከተማው ከመቅረቡ ጥቂት ቀን በፊት አቶ ቶይቮ የልጃቸው ቢሮ መጡ። በእሷ ንድፍ ድንጋይ የሚንሸራተትበት አምስት የበረዶ መስመር ነበር። እሳቸው ስድስት አሉ። በስድስት መስመር ነው የክፍለ ሀገሩን ውድድር የምናስተናግደው፣ እናትሽ በሕይወት ሳለች ያየነው ሕልም ይህ ነው፣ አንድ መስመር ቆርጠሽ ለተንሳፋፊዎቹ ከሰጠሽ ክለቡ ውስጥ ቀና ብዬ አልሄድም አሏት። አልጮሁባትም። ባርኔጣቸውን በጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ሽማግሌ ሆነው ተናገሩ፤ ቢጮሁ ይሻላት ነበር።

ገንዳውን ማሳጠር አይቻልም፤ አምሳ ሜትር አምሳ ሜትር ነው። ሬሞ በአየሩ ሥራ ላይ ፈርሞ ጨርሶ ወደ እናቱ ቤት ሄዷል። ኢንከሪ ብቻዋን ተቀመጠችና መስታወቱን ወደ ገንዳው ገፋ አደረገችው። ስድስተኛው መስመር ገባ። የሁለቱ በር ክፍል ግን ጠፋ፤ አንድ በር ብቻ ቀረ፣ የሬሞ ፊርማም እዚያው ወረቀት ላይ እንዳለ ነበር። ለሬሞ ሰኞ እነግረዋለሁ፣ እሱ መላ አያጣለትም ብላ ራሷን አጽናናች። ሰኞ ጠዋት ንድፉ ጸደቀ፣ ከንቲባው አጨበጨበ፣ ሬሞ በሰው መሐል እጇን ጨብጦ «እንኳን ደስ ያለሽ» አላት። አፏን ከፈተች፣ ሌላ ወሬ ወጣ። ማክሰኞም እንዲሁ። ከዚያ ወዲያ ለመናገር ረፍዶ ነበር፤ ቢያንስ ለእሷ እንደዚያ መሰላት።

ችግሩን ያገኘው ከተማው ከሩቅ ያስመጣው መርማሪ ባለሙያ ነው። አንድ በር ብቻ ካለ በረዶው በአመዳይ ይሸፈናል፣ የአየሩን ሥራ የሠራው መሐንዲስ ከባድ ስሕተት ፈጽሟል ብሎ ጻፈ። ወሬው ባንድ ቀን ከተማውን አዳረሰው። ምዕራብ ሁሉ፣ እኔም ጭምር፣ «የምሥራቁ ልጅ በረዷችንን ሊያቀልጥልን ነው» አልን። ማመን በጣም ቀሎን ነበር።

በቢሮው ስብሰባ ላይ የቢሮው አለቃ ሬሞን ምን ትላለህ ብለው ጠየቁት። ሬሞ ንድፉን አየ። የሱ እንዳልሆነ ለማወቅ አንድ እይታ በቂ ነበር። ከዚያ በሞዴሉ አናት በኩል ኢንከሪን አየ። ረጅም እይታ ነበር፤ እሷ እንደምትለው ቁጣ የሌለበት፣ ጥያቄም የሌለበት፣ ዝም ብሎ የቆየ። ኢንከሪ ዓይኗን ወደ ጠረጴዛው አወረደች።

«ለጊዜው የምጨምረው የለኝም» አለ ሬሞ።

ከማዕከሉ ሥራ እንዲነሣ ተደረገ። ቢሮ እየመጣ ሌላ ጥቃቅን ነገር ይሠራል፣ ምሳ ላይ ከኢንከሪ ፊት ለፊት ይቀመጣል፣ ስለ አየሩ ስለ መንገዱ ያወራል። ዝም ብሎ ያያታል። መጀመሪያ በፍቅሩ ሸሸገኝ ብላ ልቧ ተነካ። ቀን ሲጨምር ግን ዝምታው ያስፈራት ጀመር፣ ቀጥሎም አናደዳት። እየናቀኝ ነው፣ ወድቄ እንዲያየኝ ፈልጎ ነው፣ ሰው ሆኖ እንዴት አይጮህም እያለች ብቻዋን ትብሰለሰላለች። የገዛ ጥፋታችን ውስጣችንን ሲበላን የበደልነውን ሰው መጥላት ምንኛ እንደሚቀል የደረሰበት ያውቀዋል።

ደብዳቤ ጻፈችለት። ናፍቆቷን፣ ሐይቁ እንዴት መርጋት እንደጀመረ፣ የሆቴሉን ገንዳ፣ ሁሉን ጻፈች፤ ዋናውን ነገር ብቻ አልጻፈችም። መልሱ በሁለት መስመር መጣ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል፣ ሩቅ ሃሊፋክስ ከተማ ሥራ አግኝቻለሁ ይላል። ተጨማሪ ቃል የለውም። ኢንከሪ ወረቀቱን ይዛ ኩሽናዋ ወለል ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ የሚያስለቅሳት ግን እሱ ነው ወይስ ራሷ ናት፣ ገና መለየት አልቻለችም ነበር።

ያን ሐሙስ ወደተሰበሰብንበት አዳራሽ ልመልሳችሁ። የስብሰባው መሪ፣ አንዲት የምክር ቤት አባል፣ ጉዳዩን ባጭሩ ተናገረች። ገንዳና በረዶ በአንድ ጣሪያ እንደማይኖሩ ባለሙያ ስለጻፈ፣ በረዶው ከዕቅዱ ይውጣ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ከቀኝ በኩል ጉምጉምታ ተነሣ። ከግራ በኩልም አንዱ «ጠራጊዎቹ ወደ ቤታቸው ይግቡና ምድጃቸውን ይጥረጉ» አለ፤ ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ሬሞ በመጨረሻው ረድፍ፣ ኮቱን ሳያወልቅ፣ ጥግ ይዞ ተቀምጧል። ሊሰናበት የመጣ ሰው ይመስል ነበር።

አቶ ቶይቮ ተነሡ። የንባብ መነጽራቸውን አደረጉና ከኪሳቸው ወረቀት አወጡ። ክለቡ በስሙ ለመሐንዲሶች ማኅበር የሚያቀርበው ክስ ነው፤ የሬሞ ታርዲቮ የሙያ ፈቃድ እንዲነጠቅ የሚጠይቅ። እጅ አውጥተን እንድንደግፈው ፈለጉ። እኔ እጄን ለማውጣት ተዘጋጅቼ ነበር። የኢንከሪን ፊት ያየሁት ያኔ ነው፤ ዓይኗ አባቷ ላይ አልነበረም፣ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ነበር። ሬሞም ያያታል። ልክ ያን ቀን በቢሮው ስብሰባ ላይ፣ በሞዴሉ አናት በኩል አይቷት እንደነበረው። አሁን ግን ዓይኗን አላወረደችም።

«አባዬ፣ አታንብበው» አለች።

«ተቀመጪ ልጄ፣ ያንቺ ተራ ይደርሳል።»

ኢንከሪ ቀኝ እጇን ወደ ላይ አነሣች። ሐሳብ ለመስጠት እንደሚጠይቅ ሰው አይደለም፤ በረዶ ላይ እንደምናነሣው፣ ክንዷን ዘርግታ፣ መዳፏን ከፍታ። እኛ በቀኝ ያለነው ሁላችን አወቅነው። እኔም ላወጣው የነበረውን እጄን ጉልበቴ ላይ መለስኩት።

«ነካሁት» አለች።

 በግራ ያሉት ምን ማለቷ እንደሆነ ስላልገባቸው እርስ በርስ ተያዩ። ኢንከሪ እጇን ሳታወርድ፣ ድምጿ እየተቆራረጠ፣ ሬሞ ሁለት በር ሠርቶ እንደፈረመ፣ እሱ ከሄደ በኋላ መስታወቱን ያንቀሳቀሰችውና የበሩን ክፍል ያጠፋችው እሷ እንደሆነች፣ እሱ ስሙ ሲጠፋ እሷ አጠገቡ ተቀምጣ ዝም እንዳለች ተናገረች። ገንዳና በረዶ አብረው ይኖራሉ፤ እሱ እንዴት እንደሚኖሩ ሠርቶት ነበር፤ ያበላሸሁት እኔ ነኝ አለች።

አቶ ቶይቮ መነጽራቸውን አወለቁ። «መቼ ነው ይሄ?»

«ቢሮዬ መጥተህ ከሄድክ በኋላ። ስድስተኛውን መስመር ከየት እንዳመጣሁት አልጠየቅከኝም እኮ አባዬ።»

ሽማግሌው የወንበሩን መደገፊያ ያዙ። ብዙ ዓመት አውቃቸዋለሁ፤ እንደዚያ አርጅተው አይቻቸው አላውቅም። ቀስ ብለው ወደ ኋላ ዞሩና የመጨረሻውን ረድፍ አዩ።

«አንተ ልጅ፣ ታውቅ ነበር?»

ሬሞ ተነሥቶ ቆመ። «አውቅ ነበር፣ አቶ ሳሎ።»

«ፈቃድህን ልናስነጥቅህ ነው እኮ። ታዲያ ምን ሆነህ ዝም አልክ?»

 የቆመበት ቦታ መብራቱ ደከም ያለ ነው፤ ፊቱ በደንብ አይታየኝም፣ ድምፁ ግን ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር።

«እናንተ ዘንድ የነካው ሰው ራሱ እስኪናገር ይጠበቃል ብላኛለች። ቀድሞ መናገር ማዋረድ ነው ብላኛለች። እኔ እሷን ማዋረድ አልፈለግሁም። ስለዚህ ጠበቅኋት።»

 እኛ ይህን ሥርዓት ከጡት ጋር ነው የጠባነው፤ ግን ከመካከላችን ስንቱ ሥራውን፣ ስሙን፣ እንጀራውን አስይዞ ይጠብቅ ነበር? እኔ አልጠብቅም ነበር፣ በበኩሌ። ኢንከሪን አየኋት። እጇ አሁንም እንደተነሣ ነው፤ ማውረዱን የረሳች ትመስላለች። በየምሳው ሰዓት ያያት የነበረው ዓይን ምን ይላት እንደነበረ የገባት በዚያች ቅጽበት ነው። ስትናደድበት፣ ስትረግመው፣ እሱ ቁጭ ብሎ ጊዜ ይሰጣት ነበር። አፏን በእጇ መዳፍ ያዘች።

አቶ ቶይቮ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። በጨዋታችን የተሸነፈ መሆኑን ያወቀ ቡድን መጨረሻውን አይጠብቅም፤ መሪው ሄዶ ይጨብጣል፣ በዚያ ያበቃል። ሽማግሌው በሁለቱ ወገን መካከል ባለው መተላለፊያ፣ አንድ እግራቸውን እየጎተቱ፣ እስከ መጨረሻው ረድፍ ሄዱ። ባርኔጣቸውን አውልቀው እጃቸውን ዘረጉ። ሬሞ ጨበጣቸው። «አምስት መስመር ይበቃናል» አሉ ሽማግሌው፣ ለስብሰባው መሪ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ። ከዚያ ከቀኝ በኩል ሰው መነሣት ጀመረ። አንድ በአንድ እየሄድን ጨበጥነው። እኔም ጨበጥኩት፤ እጁ ቀዝቃዛ ነበር፣ ፊቴንም የሚያይ አይመስልም። መጨረሻ ላይ አመሰግናለሁ ብሎን ደረጃውን ወረደ።

የኢንከሪ አለቃ አጠገቧ መጥተው በዝግታ ነገሯት። ንድፉን ሌላ ሰው ይጨርሰዋል። አንገቷን ነቀነቀች፣ የሰማችም አትመስልም። ሞዴሉን ጠረጴዛው ላይ ትታ፣ ኮቷን እንኳ ሳትለብስ፣ ወጣች።

ውጭ በረዶ ይጥላል። ሬሞ መኪናውን አስነሥቶ፣ የፊት ለፊት መስታወቱን በመፋቂያ እየፋቀ ነበር። መጣች፣ መብራት ምሰሶው ሥር ቆመች። ቀና ብሎ አያትና መፋቁን ቀጠለ።

«አባትሽ ጨበጡኝ» አለ። «ስማቸውን የማላውቃቸው ሰዎች ሁሉ ይቅርታ ጠየቁኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።»

«ደስ አላለህም?»

«እነሱማ ምን አደረጉኝ? ወረቀት ላይ ያዩትን ነው ያመኑት። አንቺ ግን ታውቂ ነበር። ምሳ ላይ ጨው አቀብዪኝ ስልሽ ታቀብዪኝ ነበር እኮ፣ ኢንከሪ። እያወቅሽ ጨው ታቀብዪኝ ነበር።»

 በረዶው ፀጉሯ ላይ ይቀመጣል፤ አላራገፈችውም።

«ያን ቀን ስብሰባው ላይ ቀና ብለሽ ብታዪኝ» አለ ሬሞ፣ «ባትናገሪም ግድ የለም፣ ብቻ ብታዪኝ፣ ዓመት እጠብቅሽ ነበር።»

«ፈራሁ። አባዬን መስሎኝ ነበር የምፈራው፤ ለካ አንተን ነው። ብትጮህብኝ ያኔውኑ እናገር ነበር። ዝም ስትለኝ የናቅከኝ መሰለኝ። ደግሞ... ደግሞ ጠላሁህ ሬሞ። ይሄንንም እንድታውቀው እፈልጋለሁ። አንዳንድ ቀን ጠላሁህ።»

መፋቂያው እጁ ላይ ቆመ። ይህን የጠበቀ አይመስልም። ከእውነቷ ሁሉ የከበዳት ይህች እንደነበረች በኋላ ነግራኛለች፤ አዳራሹ ሙሉ ሰው ፊት ከተናገረችው ይልቅ።

«የነገ አውሮፕላን ይዣለሁ» አለ፣ ቀስ ብሎ።

«አውቃለሁ።»

«አትሂድ አትዪኝም?»

«የማለት ፊት የለኝም።»

ሬሞ ራቅ ብሎ ወደ ሐይቁ አየ። ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ፤ በረዶ የገባበት አስመስሎ። «ሁሉንም ጨበጥኳቸው» አለ። «ያንቺን እጅ ግን ዛሬ መጨበጥ አልችልም። ልቤ እሺ አላለኝም። እንዳልዋሽሽ ነው።»

«እጄን ልትጨብጥ አልመጣሁም» አለች። ቀረበችና መፋቂያውን ከእጁ ወሰደች። «ግባና ሙቅ። እኔ እጨርሰዋለሁ።»

ሊከለክላት አስቦ ተወው። መኪናው ውስጥ ገባ። ኢንከሪ ያለ ጓንት፣ ያለ ኮት፣ ነገ ጥሏት የሚሄደውን ሰው መስታወት መፋቅ ጀመረች። በረዶው ወፍራም ነው፤ ስትፍቀው እየተሰነጠቀ ይወድቃል፣ ሌላው ደግሞ ከላይ ይጥላል። ጣቶቿ መጀመሪያ አቃጠሏት፣ ቀጥሎ ደነዘዙ። አላቆመችም። እያለቀሰች እንደነበር የምታውቀው ጉንጯ ላይ ስለሞቃት ብቻ ነው። የእሱ ወገን ጠራና ፊቱ ታየ። በመስታወቱ ውስጥ ያያታል። ዓይኗን አላሸሸችም። ዞራ በሌላው በኩል ያለውን መፋቅ ቀጠለች፣ እስኪጠራ ድረስ።

ሬሞ ተንጠራርቶ በዚያ በኩል ያለውን በር ከውስጥ ከፈተው።

«ብርድ ነው» አለ። «ግቢ።»

ገባች። በሩን ዘጋችው። አልነካትም፣ መኪናውንም አላንቀሳቀሰም። ጉልበቷ ላይ ያረፉትን፣ በብርድ የቀሉትን ጣቶቿን አየ፤ ከዚያ እጁን ዘርግቶ ሞቃቱ አየር የሚወጣበትን ክፍተት ወደ እሷ አዞረው። ይቅር እንዳላት አላሰበችም። ነገ ይቀራል ብላም ራሷን አላታለለችም። ግን አየሩ ጣቶቿን ሲነካቸው፣ ደም ሲመለስባቸው እንደ መርፌ ይወጋታል፣ ያማል፤ እሷም ሕመሙ እንዳያልፍባት ፈራች፣ ሕመሙ እስካለ ድረስ እሱም አጠገቧ ነበርና።